ከቀረበው ናሙና ጋር አንድ ዓይነት

ሰኞ 4

አሸነፍን። ካልጻፍኩት ነገ ጠዋት ሕልም ይመስለኛል ብዬ ነው ይህን ደብተር የከፈትኩት።

የሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ ፖስታዎቹ አንድ በአንድ ተቀደው ዋጋ ሲነበብ የወንበሬን ጠርዝ ጨምድጄ ይዤ ነበር። ማስታወቂያው «ለአካባቢው አነስተኛ ድርጅቶች ብቻ» ስለሚል ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ድርሽ አላሉም። የመጣነው ሁሉ እንደኔ ጠባብ ሱቅ ተከራይተን፣ ማሽኖቻችንን ግድግዳ ለግድግዳ ደርድረን የምንሠራ ነን። ሥራው የሐኪምና የነርስ ነጭ ጋዋን ነው፤ የአንድ ዓመት ፍጆታ። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም።

ዋጋዬ ከሁሉም ዝቅ ያለ ሆነ። ግን ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናው ማለፍ አለበት። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትዞር ቀጭን ሴትዮ፣ የእኛን ጋዋን አንስታ ገለበጠችው። ስፌቱን በውስጥ በኩል አየች። የቁልፍ ቀዳዳውን በጥፍሯ ዳሰሰችና «ይህን ማን ሠራው?» አለች።

«እህቴ ናት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

የሰፋችው እትዬ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝም፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝም እሷው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ሱቄ ውስጥ ትሠራለች። «እንዲያው ለወጉ አንድ ናሙና ስፊልኝ» ብላት ለሙሽራ የምትሰፋ ይመስል ተጨነቀችበት። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በእጇ ጠለፈቻቸው። እኔ ደግሞ ዋጋውን ያሰላሁት በማሽን በሚሰፋ ቀዳዳ ሂሳብ ነው። ምን ቸገረኝ፣ ናሙና ማማር አለበት።

ሁለተኛ የወጣው ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ጥርሱ ስለማይከደን «ፈገግታ» ነው የምንለው። እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ካቃተሽ እኔ አለሁ» አለኝ። ካቃተሽ! ምን ማለቱ ነው?

ረቡዕ 6

ውል ፈረምኩ። ናሙናው በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እዚያው ካዝና ውስጥ ተቆለፈበት። ውሉ «የሚቀርበው ዕቃ በማናቸውም ረገድ ከቀረበው ናሙና ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል» ይላል። ይበል። ካላቀረብኩ ሥራው ለሁለተኛው ይተላለፋል፤ በዋስትና ያስያዝኳቸው ማሽኖች ይወሰዳሉ፤ ከእንግዲህም በመንግሥት ጨረታ አልገባም። ግን እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር፣ ሁሉም ያየኛል፣ ፈረምኩ።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ነገር ሁሉ በፌርማታ ነው የሚታየው። «አትጨነቂ፤ እየጫንሽ እያወረድሽ መጨረሻው ጋ ትደርሻለሽ» አለኝና እንቅልፉን ለጠጠ። እኔ እስኪነጋ ጣራ ሳይ አደርኩ።

ዛሬ የእትዬ የዓይን ቀጠሮም ነበር መሰለኝ። «ፊርማው ይበልጣል፤ ዓይኔ የትም አይሄድም» ያለችው ራሷ ናት። እኔ ቅሪ አላልኳትም።

ቅዳሜ 16

ጨርቁ መጣ። ሱቁ ነጭ በነጭ ሆኖ መቀመጫ ጠፋ። ማሽን ላይ አራት ሴቶች ነን፤ እትዬ ክሯንና መርፌዋን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ያቺ «ሬዲዮ» የምንላት፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፏ የማይዘጋው፣ «አንዱን ጋዋን ለብሼ ሐኪም እሆናለሁ፤ መጀመሪያ ለአለቃ የጭንቀት መድኃኒት ነው የማዝዘው» እያለች ስታስቀን ዋለች። አለቃ ማለት እኔ ነኝ። ጭንቀቴ ከሩቅ ይታያል ማለት ነው።

እትዬ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ማዕዘን በግራ ጎኗ መታችው። ትንሽ ቆይታ ደግማ መታችው። ጠረጴዛውን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ፤ ቦታውን ስላልለመደችው ነው።

ሐሙስ 28፣ በችኮላ

የመጀመሪያው ዙር ነገ ይገባል። ካውያው ተቃጠለ፤ ከጎረቤት ተዋስን። መብራት ጠፋ፤ መጣ። ቁልፍ ጎደለ፤ ተገኘ፣ ሬዲዮ ኪስ ውስጥ። ምሳ አልበላሁም። ደርሰናል። ተመስገን፣ ደርሰናል።

ዓርብ 29

መለሱብኝ። ሙሉውን።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናሙናውን ከካዝና አወጣች። ከረጢቱን በመቀስ ቀደደች፤ ጋዋኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ከእኛ ጭነት መሀል አንዱን መዛ አጠገቡ አስተኛችው። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። እኔ እንደ ተማሪ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ይሄኛው ቀዳዳ በእጅ የተጠለፈ ነው። ይሄኛው በማሽን። አንድ ዓይነት ነው ይሉኛል?»

«ያው እኮ ነው፣ ይቆለፋል…»

«መቆለፉን መቼ ካድኩ። ውሉ አንድ ዓይነት ይላል። እኔ የምረከበው የተጻፈውን ነው።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ። ውሃ አስመጣችልኝ። ውሃውን እስክጨርስ ጠብቃ «ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። ምን እጠይቃለሁ? የናሙናውን ያህል መሥራት አልችልም ብዬ አፌን ልክፈት? ከዚያ ሥራው በአንድ ቀን ፈገግታ ዘንድ ይሄድ ነበር።

ስወጣ ወረፋ ከያዙት አንዱ ለጓደኛው «ሴትዮዋ የሆነ ነገር ፈልጋ ነው» ሲል ሰማሁ። መንገዱን ሙሉ ይህች ንግግር ጆሮዬ ላይ ስትጮህ መጣች።

ባሌ ማታ ሲሰማ «ታዲያ ናሙናውን ለውጡልኝ ብለሽ ለምን አትጠይቂያትም?» አለ። «ዓይኔን በጨው አጥቤ?» አልኩት። ለሱ ቀላል ነው፤ ተሳፋሪ ሲቆጣው መስታወቱን ዘግቶ ይሄዳል።

ሰኞ 2

ላፍር ነው ግን ልጻፈው። ፖስታ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አድርጌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ። ጫማዋን አውልቃ የእግሯን ጣት እያሸች ነበር። «ይቅርታ፣ ጫማው አዲስ ነው» አለችኝ ፊቷ ቀልቶ። «ምን ልርዳዎት?»

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። ዓይኗን አየሁት፤ ምንም የሚጠብቅ ነገር የለበትም። እጄን ሳወጣ የያዝኩት መሐረብ ነበር። ተናፈጥኩ። «እንዲያው ደህና ዋሉ ልል ነው» አልኩ። «ደህና ነኝ፤ እርስዎ ግን ጉንፋን ይዞዎታል፤ ቤት ይሂዱ» አለችኝ። ከነፖስታዬ፣ ከነጉንፋኔ ተመለስኩ።

ማክሰኞ 3

መላ የዘየደችው እትዬ ናት። ማሽኑ በሰፋው ቀዳዳ ላይ እሷ በእጅ ትጠልፍበታለች፤ ያኔ ከናሙናው የሚለየው ሰው አይኖርም። «እኔ ያመጣሁትን ጣጣ እኔው እወጣዋለሁ» አለች። «ከመጠን በላይ ማሳመሬ ነው ጥፋቱ።» እንዲህ ስትል አንጀቴን በላችው። ግን መላ ነው፤ እፎይ ብያለሁ።

ሴቶቹም ሞከሩ። እትዬ የያንዳንዳቸውን በጣቷ ጫፍ ዳበሰች፤ ዝም ብላ ፈታችው። ሬዲዮ «እትዬ፣ ሳያዩት እንኳ እንዴት አወቁ?» አለቻት። «ጣቴ ያያል» አለች እትዬና ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን።

የዓይን ጠብታዋ አልቋል። ለካ ሳምንት አልፎታል። ርክክቡ ይለፍና እገዛላታለሁ፤ መድኃኒት ቤቱ የትም አይሄድም።

ረቡዕ 11

እትዬ በጠዋት ሱቅ ገብታ ሬዲዮን አጠገቧ አስቀምጣ መርፌዎቹ ላይ ሁሉ ክር እንድታስገባላት ታደርጋለች። የቀኑ መርፌ በሙሉ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ተሰክቶ ይጠብቃታል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ ለኛ አይመጣልንም፤ እሷ አንጋፋ ናት።

ወንበሯንም ከበሩ ውጪ፣ ፀሐይ ላይ አድርጋዋለች። ዝናብ ሲጥል ትገባለች፤ ከዚያ ሥራው ይጓተታል። ሰማዩን በየደቂቃው አያለሁ።

ፈገግታ ዛሬ አልፎ ሲሄድ «ሥራ ደህና ነው? ውጪ ድረስ አወጣችሁት» አለን። ጥርሱን ላረግፍለት ምንም አልቀረኝም።

እሑድ 15

ሰው ሁሉ ያርፋል፤ እኛ እንሰፋለን። ማለቴ፣ እትዬ ትሰፋለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ያለቀውን አጥፋለሁ።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ የደንብ ልብሴን የምትሰፋልኝ እሷ ነበረች። ከራሷ አሮጌ ቀሚስ ቀንሳ። ሌሎቹ ልጆች ከሱቅ የተገዛ ነው የመሰላቸው፤ እኔም ከሱቅ ነው እላቸው ነበር። ዛሬ ስታጎነብስ ይሄ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ። «እትዬ፣ ደከመሽ?» አልኳት። «ቢደክመኝስ፣ አንቺ ልትጨርሺው ነው?» አለችኝ። ቀልዷን ነው።

ሻይ ስትቀዳልኝ ስኒውን ሞልታ ፈሰሰ፤ መቅዳቷን አላቆመችም። «እትዬ!» ስላት ነው የደነገጠችው። ሐሳብ ወስዷት ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ትናንት ቁልፍ ፍለጋ ስዞር ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

ረቡዕ 18

ግማሹን ተረከቡን! ኃላፊዋ አንዱን አየች፣ ሁለቱን አየች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰች። «ይሄ አንድ ዓይነት ነው» አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

እትዬ አብራኝ ሄዳ ነበር። ስለ ቀዳዳዎቹ ጥያቄ ቢነሳ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። የንብረት ክፍሉ ከዓይን ክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው፤ መሀላቸው አንድ የአበባ መደብ ብቻ አለ። ወረፋ ይዘን ሳለ እትዬ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሚጣዬ፣ ቀጠሮዬ ዛሬ ነው። አንቺ እዚህ ሁኚ፣ እኔ ብቅ ብዬ ልምጣ?»

«አሁን ሊጠሩን ነው እኮ እትዬ። ትንሽ ጠብቂ።»

ጠበቀች። ግን ከፊታችን አልጋ የሚያስረክብ ሰው ነበረና በየአልጋው እግር ሲጨቃጨቁ ቀኑ ሄደ። እኛ ተጠርተን፣ ታይተን፣ ፈርመን ስንወጣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ዘበኛው «ለዛሬ አበቃ» አለን። «እሺ፣ ሌላ ቀን» አለች እትዬ። ካርዱን መልሳ ከተተችው። አልከፋትም። ቢከፋት አውቅ ነበር፤ እኔ እሷን አላውቅም እንዴ?

በደስታ አንድ ትልቅ ኬክ ገዝቼ ገባሁ። ሬዲዮ «ይሄ በእጅ የተጠለፈ ነው ወይስ በማሽን?» ብላ እስክንፈርስ አሳቀችን።

ማክሰኞ 24

ቀሪው ግማሽ። ቀኑ እየገሰገሰ ነው። እትዬ ትናንት የሠራችው ከትናንት ወዲያ ከሠራችው አነሰ፤ ዛሬ ደግሞ ከትናንቱ አነሰ። ምን ነካት? ቀስ በይ አይባል፣ ቶሎ በይ አይባል። በውስጤ ግን ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ እላለሁ። የምትሰማኝ ይመስለኛል።

ውሉን ደግሜ አነበብኩት። ምን ይለወጣል ብዬ እንደማነበው አላውቅም።

ቅዳሜ 28

ጮህኩባት።

ጣቷን ወግታ ደሙ ያለቀለት ጋዋን ላይ ነጠበ። አንድ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ቀና አድርጌ ሳየው ሦስቱ ላይ ነው። ሳታውቀው ስትሰፋበት ቆይታለች። «አይታይሽም እንዴ!» አልኩ። በሁሉም ፊት። ማሽኖቹ ቆሙ።

እትዬ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ተነሳች፤ ጋዋኖቹን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሬዲዮ ተከትላት ወጣች። ትንሽ ቆይቼ እኔም ሄድኩ። ንጹሑን እያጠበች ነበር፤ ደም የነካው ከጎኗ ተቀምጧል። ሬዲዮ ቀስ ብላ ከእጇ ተቀብላ ቀየረችላት።

ይቅርታ አልኳት ማታ። «በምኑ?» አለችኝ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ያሳደገችኝን ሴት! ግን ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ደም… ማንም ይደነግጣል። ማንም ይጮህ ነበር።

ሰኞ 30

ሬዲዮ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ሱቁ ውስጥ የማሽን ድምፅ ብቻ ነው። «አመመሽ?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ከእናቷ ጋር ተጣልታ ይሆናል። ዝምታዋ ከወሬዋ ይልቅ ያስጨንቃል።

ማክሰኞ 1

ሱቅ ስደርስ እትዬ የለችም፤ ሬዲዮም የለችም። ወንበሯ በሩ ላይ ባዶውን። ቤት ሮጥኩ፤ የለችም። ጎረቤት ጠየቅኩ፤ «ተያይዘው በጠዋት ወጡ» አሉኝ። ጥላኝ ሄደች ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ምን አድርጌያት ትጥለኛለች?

እኩለ ቀን አካባቢ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። የእትዬ ጉልበት ተልጧል፤ የሆስፒታሉን ደረጃ ስታ ወድቃለች። ንብረት ክፍል ነበሩ። እሷና ሬዲዮ፣ ያለኔ!

ሬዲዮ አፏ ተከፈተና እንደ ወትሮዋ ዘረገፈችው። እትዬ ኃላፊዋ ፊት ቀርባ «ናሙናውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሳሳምር አጥፍቻለሁና ይለወጥልኝ» አለቻት። ኃላፊዋ ወንበር ሳበችላት፤ ጉልበቷን አስጠረገችላት። ከዚያ የሆስፒታሉን መስፈርት አውጥታ አነበበች። መስፈርቱ ቀዳዳው የተሰፋ ይሁን ይላል እንጂ በእጅ ይሁን አይልም። ናሙናው ከመስፈርቱ በልጦ ነው የቀረበው። አቅራቢው ከጠየቀ መስፈርቱን በሚያሟላ ሌላ ናሙና ይተካል። ያለቀ የማሽን ጋዋን ይዘው ነበርና ተረካቢ ኮሚቴውን ጠርታ እዚያው አስፈረመች። እኔ እንድፈርምበት አንድ ወረቀት ላከች። ይኸው ነው። የግማሽ ቀን ሥራ።

«ለምን በመጀመሪያው ቀን አልጠየቃችሁኝም?» ብላለች። «እህትዎን ሌላ የሚጠይቁኝ አለ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።»

ወረቀቱን ፈረምኩ። እጄ ፊርማዬን ረሳው።

መደሰት ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። ባለሱቋ እኔ፣ ባለውሏ እኔ! «ሳትነግሪኝ?» አልኳት እትዬን። «ብነግርሽ አትልኪኝም ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ ሚጣዬ፣ ከእንግዲህ መርፌው አይታየኝም።»

እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ። ሬዲዮ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ «ይሻልሻል፣ ደክሞሽ ነው» አልኩ።

ሐሙስ 3፣ በችኮላ

ማሽኖቹ እየበረሩ ነው። በዚህ አያያዝ ቀድመን እንጨርሳለን። እትዬ ቤት ናት፤ ተኚ ብያታለሁ። ጠብታውን ገዛሁ። ለዓይን ክሊኒክ ደወልኩ፤ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው እንደ አዲስ ካርድ ያወጣል አሉኝ። ሰኞ 14 ሰጡን። ነገ ይሁንልኝ አላልኩም። ዓርብ 11 ማስረከቢያ ነው፤ ቢገጣጠምብኝስ ብዬ ነው።

ዓርብ 11

አለቀ። ሙሉውን ተረከቡን። ዋስትናው ተለቀቀ፤ ማሽኖቼ የእኔ ናቸው። ኃላፊዋ ጨብጣኝ «እህትዎ እንዴት ናቸው?» አለች። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሷ ናት። «ደህና ናት» አልኩ።

ፈገግታ ሳይቀር መንገድ ተሻግሮ መጣና ጨበጠኝ። የሚቀጥለው የአንሶላ ጨረታ እንደሆነና ተጣምረን እንግባ እንደሆነ ጠየቀኝ። እስካሁን ሥራዬን ሊነጥቀኝ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውዬው ፊቱ ነው እንዲያ የተሠራው። አስብበታለሁ አልኩት። አንሶላ ቁልፍ የለውም።

ሱቅ ውስጥ ጭፈራ ሆነ። እኔም ጨፈርኩ። በመሀሉ ዓይኔ ባዶ ወንበሯ ላይ አረፈና መጨፈሬን ተውኩ።

ሰኞ 14

ሐኪም ቤት ሄደን መጣን። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ 16

እሺ፣ ልጻፈው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን ጎላ ያለ። እትዬን ብዙ መሣሪያ ላይ አገጯን አስደግፎ አየ፤ ብርሃን አበራ፤ ጣቱን ከግራ፣ ጣቱን ከቀኝ። የግራውን ጣት አላየችውም። ደጋግሞ አሳያት፤ ወደ ቀኙ ብቻ ነው የምትዞረው። ከዚያ ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ አረፍ ይበሉ አላትና እኔን አስቀረኝ።

የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የቆየ ነው፤ በጠብታ ተይዞ ነበር። የግራው ሄዷል፣ አይመለስም። የቀኙን የቀረውን እንጠብቃለን።

«ከስፌቱ ነው?» አልኩት። ምን እንዲለኝ እንደፈለግኩ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«ስፌት አያሳውርም። ጠብታው ተቋርጧል፤ ሁለት ቀጠሮ አልፏል። እዚህ ካርዱ ላይ አለ። በቀጠሯቸው ቢመጡ ኖሮ የግራውንም እናተርፍላቸው ነበር። የሚያመጣቸው ሰው አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔ የማስበው ያንን የአበባ መደብ ነው። ይሻገሩታል ቢባል ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል።

ስወጣ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ክንዴን ሰጠኋት። ግቢውን ጨርሰን መንገድ ወጣን።

«ምን አለሽ?» አለችኝ።

እንዲህ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ከአፌ ወጣ። «ቀድመን ብንመጣም ያው ነበር አለኝ።»

ትንሽ ሄድን። አንድ ብስክሌት በግራዋ በኩል ሽው ብሎ አለፈ፤ ካለፈ በኋላ ነው የደነገጠችው። ወደኔ ተጠጋች።

«እንግዲህ እንዲያ ካለ ጥሩ ነው» አለች። «ለባልሽም እንዲሁ ንገሪው። ሱቅ ያሉትም ይጠይቁሻል።» ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። «እኔንም ቢጠይቁኝ እንዲሁ ነው የምላቸው። አይዞሽ።»

ለምን አይዞሽ እንዳለችኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሳስብ ቆየሁ። ዓይኗ የጠፋው እሷ፣ አይዞሽ የምባለው እኔ። የተቀመጠችበት አግዳሚ ከሐኪሙ በር ጋር የተያያዘ ነው፤ በሩም በደንብ አይገጥምም፣ ስወጣ ገርበብ ብሎ ነበር ያገኘሁት። ግን ኮሪደሩ ጫጫታ ነበር። ሕፃን ያለቅስ ነበር። አልሰማችም ብዬ ነው የማስበው።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ልምጣ አለችና ይዣት ገባሁ። ወንበሯን ሰጧት፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳሟት። እኔ ከጓዳ ጨርቅ ሳወጣ ድምፅዋ ተሰማኝ። ሬዲዮ ምንም አልጠየቀቻትም፤ አጠገቧ ቆማ እጇን ይዛት ነበር እንጂ። እትዬ ግን ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቀድመን ብንሄድም ያው ነበር አለን ሐኪሙ» ትላታለች።